ስልኩ ዝም ያለበት ቦታ፦ ስድስት ቀን በጋሞ ደጋ የጠጠር መንገዶች

ሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. አርባ ምንጭ

ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ ያለውን አልተርክም። ረጅም ነው፤ እኔም ግማሹን ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ወላይታ ሶዶ ላይ ቁርስ መብላታችንን ብቻ አስታውሳለሁ።

ሥራው በአጭሩ ይሄ ነው። አንድ ወረዳ የተጎዱ ሦስት የገጠር መንገዶች አሉት። ያለው ብር ግን ለሦስቱ አይበቃም። የትኛው ይቅደም? ይህን አይታችሁ፣ ለክታችሁ፣ በቅደም ተከተል አስቀምጡልን ተባልን። የወረዳውን ስም ልተወው፤ ከጨንቻ አለፍ ብሎ ያለ ደጋ ነው። መንገዶቹንም ሀ፣ ለ እና ሐ እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

እኔ የቢሮ ሰው ነኝ። መንገድ የማውቀው ኤክሴል ላይ ነው። ይዤ የመጣሁት ላፕቶፕ፣ 11 ገጽ ቅጽ እና ስልኬ ላይ የጫንኩት አፕ ነው። አፑ የመኪናውን መንቀጥቀጥ እየለካ ለእያንዳንዱ መቶ ሜትር ነጥብ ይሰጣል። ጥሩው አረንጓዴ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ መጥፎው ቀይ። ካርታው ላይ ሲታይ ያምራል። ለአለቆች ደግሞ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ሹፌራችን ጋሼ (እንደዚህ ነው የምንጠራው) ከኋላ የጫነውን ሳይ ግን ሳቅኩ። ዶማ፣ አካፋ፣ ገመድ፣ ሁለት ሜትር ጣውላ እና አንድ አሮጌ ውሃ ልክ።

«ቤት ልንሠራ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ኢንጂነር፣ አንተ በስልክህ ለካ፤ እኔ በእንጨቴ እለካለሁ» አለኝ።

በኋላ ነው የሰማሁት። ሹፌር ከመሆኑ በፊት ሃያ ዓመት ግሬደር ላይ ሠርቷል።

ማታ አሳ በላን። የጫሞ አሳ ነው ተባልን። ጥብሱ ለሁለት ሰው 450 ብር። አዲስ አበባ በዚህ ብር የሚቀርበው አሳ በረዶ በረዶ ይላል፤ ይሄ ግን ዛሬ የተያዘ ነው። ክፍሌ 900 ብር ሲሆን ቬንትሌተር አለው ተብዬ ነው የከፈልኩት። አለው፤ አይዞርም እንጂ። ሙቀቱና ትንኙ ሌሊቱን ተከፋፈሉኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5፣ ዶርዜ እና ጨንቻ

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጨንቻ ደግሞ ከ2,600 በላይ። በመካከላቸው ያለው ርቀት አርባ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን ሁሉ በጥምዝምዝ ሽቅብ መውጣት ነው። ቆላ ላይ ሙዝና ማንጎ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንሰትና ቀርከሃ፣ ጉምና ብርድ። እኔ በቲሸርት ነበርኩ።

ከፍ ካልን በኋላ ጋሼ መኪናውን አቁሞ ወደ ታች አሳየኝ። ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ። በመሃል የእግዜር ድልድይ የሚባለው ሸንተረር አለ። ጫሞ ሰማያዊ ሲሆን አባያ ደግሞ እንደ ሻይ በወተት ቡናማ ነው።

«ለምን ይመስልሃል ቀለሙ?» አለኝ።

«ደለል» አልኩት። ይህን እንኳ አውቃለሁ።

«ደለሉ ከየት መጣ? ከዚህ ነዋ። ከማሳው፣ ከቦረቦሩ፣ ከመንገዱ። ስንቱ ያለበስነው ገረጋንቲ ጠጠር እዚያ ውስጥ ተኝቷል መሰለህ።»

ዶርዜ ላይ ቁርስ ያዝን። ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ፣ ከማርና ከዳጣ ጋር። ዳጣው ያስለቅሳል። ከዚያ የብርዱን ጉዳይ ለመፍታት ጋቢ ገዛሁ፤ 1,800 ብር። ሽሮ ሜዳ ላይ ያሉት ሸማኔዎችም ብዙዎቹ የዚህ አገር ልጆች ስለሆኑ ጋቢውን ሠፈሬም ማግኘት እችል ነበር። ግን ብርዱ ሽሮ ሜዳ እስክደርስ አልጠበቀኝም።

ጨንቻ የደረስነው ገበያው ደርቶ ሳለ ነው። ወረዳው የመደበልን የመንገድ ቴክኒሺያን እዚያ ጠበቀችን። ወጣት ናት፣ ጋሞኛና አማርኛ እኩል ትናገራለች፣ ሦስቱንም መንገዶች በእግሯ ታውቃቸዋለች። ቅጼን ገልጣ አየችና የትራፊክ ገጹ ላይ ቆመች። መኪና፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ሞተር ይላል።

«ሰው የለም?» አለችኝ።

«ሰውማ በሕዝብ ብዛት ይገባል።»

«አይ፣ መንገዱ ላይ የሚሄደውን ማለቴ ነው።»

ወደ ገበያው የሚገባው መንገድ ጥግ ላይ ተቀምጠን አንድ ሰዓት ቆጠርን። 4 አይሱዙ፣ 31 ሞተር፣ 22 ፈረስና አህያ። እግረኛውን 400 ላይ ስንደርስ ተውነው። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ድንች፣ እንጨት፣ ጎመን። አንድ አምድ በእስክሪብቶ ጨመርኩ። ለነገሩ ጨንቻ የታወቀችበት ፖምም በዚያው በጀርባ ነው የሚመጣው። አንድ ኪሎ ገዝቼ ሦስቱን እዚያው ጨረስኳቸው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6፣ መንገድ ሀ

ዘጠኝ ኪሎ ሜትር። ሁሉም ሰው የሚያማርርበት መንገድ ይሄ ነው። ገና ሳንነሳ የሻይ ቤቱ አስተናጋጅ እንኳ «ሀን ልታዩ ነው? እግዜር ይርዳችሁ» ብሎናል። (ሀ አላለም፤ ስሙን ነው የጠራው።)

እውነታቸውን ነው። ጉድጓድ ከጉድጓድ ይያያዛል። ያፈጠጠ ድንጋይ አለ። ሁለት ቁልቁለቶች ላይ ጠጠሩ ጨርሶ ሄዶ ቀይ አፈሩ ወጥቷል። እኔ ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ነው፤ የኛ መረሬ ሲረጥብ እግር ይይዛል፣ ጫማ ይዞ ይቀራል። የዚህኛው ቀይ አፈር ተቃራኒው ነው፤ እንደ ሳሙና ይለቃል። ስልኩ ላይ ካርታው በቀይ ተሞላ። ደስ አለኝ። መሣሪያው ሠራ።

ጋሼ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ እያቆመ ቆፈረ። መንገዱ ሲሠራ 15 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ ለብሶ ነበር። ያገኘነው 5፣ 3፣ ምንም፣ 4፣ 6 ነው። እንግዲህ የጠጠር መንገድ ባይነካም ያልቃል። ጎማው ይበትነዋል፣ በበጋ አቧራ ሆኖ ይሄዳል፣ በክረምት ውሃ ይወስደዋል። በዓመት ከ1 እስከ 3 ሳንቲ ማጣት የተለመደ ነው፤ ቁልቁለትና ዝናብ ሲበዛ ከዚያም ይከፋል። ስለዚህ በዓመት 2 ሳንቲ ቢሄድ 15 ሳንቲ ማለት ከሰባት ከስምንት ዓመት በላይ የማይቆይ ጥሪት ነው።

ከዚያ ጣውላው ወጣ። ጋሼ አንዱን ጫፍ መንገዱ መሃል ላይ አስቀመጠ፣ ሌላውን ወደ ዳር ዘረጋ። ውሃ ልኩን ከላይ አድርጎ አረፋዋ መሃል እስክትገባ የዳሩን ጫፍ አነሳው። ከዚያ ከጣውላው ሥር እስከ መሬቱ ያለውን ለካ።

«ሁለት ሜትር ላይ 10 ሳንቲ መውረድ አለበት። ከ6 በታች ከሆነ ውሃው አይወርድም፣ ይተኛል። የተኛ ውሃ ደግሞ ጉድጓድ ይወልዳል።»

ስንት ሆነ? 2። ቀጥሎ ያለው ዜሮ። ሦስተኛው ጭራሽ መሃሉ ከዳሩ ዝቅ ብሏል። መንገዱ ቦይ ሆኗል ማለት ነው።

ዳሩ ላይ በሁለቱም በኩል ሣር የበቀለበት የአፈር ክምር እንደ ግድግዳ ተዘርግቷል። እኔ አጥር መስሎኝ ነበር። ጋሼ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ የኛ ሥራ ነው። የግሬደር ኦፕሬተር ሲቸኩል አፈሩን ወደ መሃል አይመልሰውም፣ ዳር ላይ ትቶት ይሄዳል። ከዚያ ውሃው ከመንገዱ መውጫ ያጣል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ምን ልዋሽህ።»

ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ አባት ማሳቸው ዳር ቆመው አገኘናቸው። ከመንገዱ ጎን ቦይ ውሃውን ወደ ሜዳ የምታወጣ ትንሽ ቦይ ነበረች፤ አፏ በድንጋይና በአፈር ተደፍኗል። ቴክኒሺያኗ በጋሞኛ ጠየቀቻቸውና ተረጎመችልኝ። «እኔ ነኝ የደፈንኩት፤ ውሃውን በማን ማሳ ላይ ነው ያፈሰሳችሁት?» ነው ያሉት። ሄጄ አየሁት። ቦዩ በቀጥታ ገብሳቸው ላይ ይወርዳል፤ ወገብ የሚደርስ ቦረቦር ቆፍሯል። ምን ይባላል? እኔም ብሆን እደፍነው ነበር። አሥራ አምስት ሜትር ወደ ፊት ቢወሰድ ድንጋያማ ቦታ ላይ ይወርድ ነበር፤ ግን ሲሠራ የጠየቃቸው የለም።

መጨረሻ ላይ ሞተር ያቆመ ልጅ አገኘንና የተለመደውን ጥያቄ ጠየቅኩት። ክረምት ላይ ስንት ቀን ተዘጋ?

አሰበ። «አልተዘጋም።»

«አንድም ቀን?»

«ይከብዳል እንጂ ይታለፋል።»

አላመንኩትም። ሁለት ሰው ጨምረን ጠየቅን፤ ያው ነው። መልሱ ካርታው ላይ ነበር፣ እኔ አላየሁትም። መንገዱ ሸንተረር ላይ ነው የሚሄደው። ከላይ የሚመጣበት ጎርፍ የለም፣ ወንዝም አያቋርጥም። ያጎሳቆለው በላዩ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻ ነው።

ማታ ጨንቻ ስንመለስ ወገቤ የራሴ አልመስል አለኝ። ሽሮ በ130 ብር በልቼ በጋቢዬ ተጠቅልዬ ሳልነቃ አደርኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7፣ መንገድ ለ

አሥራ አራት ኪሎ ሜትር። ይሄኛው ደስ ይላል። ሸለቆውን ይዞ ይወርዳል፣ ሜዳው ላይ እንኳ 40፣ 50 ይነዳበታል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንደ ጣራ ቆርቆሮ የተሸበሸበ አለ፤ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። መኪና ፈጥኖ ሲሄድበት ልቅ ጠጠሩ እንዲህ ይደረደራል። ግን ያስቸግራል እንጂ ማንንም አያስቀርም። አፑ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። በልቤ መንገድ ለን ሦስተኛ አደረግኳት።

11ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጋሼ ቆመ። ወንዝ አለ፤ ትንሽ፣ ሕፃን የሚሻገረው። ከሥሩ አንድ ቱቦ ተቀብሯል። ወረድን።

የቱቦው መግቢያ ግማሹ በደለል፣ በቀርከሃ ቅጠልና በአንድ ሙሉ የእንሰት ግንድ ተደፍኗል። መውጫው ደግሞ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ውሃው ከሥሩ ቆፍሮ ቆፍሮ የሰው ቁመት የሚያህል ገደል ሠርቷል። በላዩ ያለው መንገድ ከጎኑ ተንዶ የቀረው የአንድ መኪና ስፋት እንኳ አይሞላም። መኪኖች ቱቦውን ትተው በወንዙ ውስጥ ተጠማዝዘው ያልፋሉ። እኛም እንደዚያው አለፍን፤ በአንደኛ ማርሽ፣ ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት።

ከተሻገርን በኋላ ስልኩን አየሁ። ያቺ መቶ ሜትር ባዶ ናት። ቀይ አይደለችም፤ ምንም አትልም። አፑ ለመለካት ቢያንስ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት ይፈልጋል። ከዚያ በታች ከሆነ ይዘለዋል። የባሰውን ቦታ መኪና በዝግታ ስለሚያልፈው መሣሪያዬ የባሰውን ቦታ አያየውም። ኤክሴሌ ደግሞ ባዶውን ትቶ የቀረውን 13.9 ኪሎ ሜትር አማካይ አውጥቶ «ጥሩ» ይላል።

ጋሼ ምንም አላለም። ፈገግ ብቻ አለ። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ከወንዙ ማዶ ሦስት ቀበሌዎች አሉ። ጤና ኬላው እዚያ ነው፤ ጤና ጣቢያው ግን ወዲህ ማዶ ነው። የተዘጋውን ቀን ለማወቅ ለየብቻ ጠየቅን። የድንች ነጋዴው «አርባ ቀን» አለ። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ መዝገቧን አይታ «ከሐምሌ እስከ መስከረም ሠላሳ ምናምን» አለች። ባለ ሞተሩ «ክረምቱን ሙሉ!» ሞተረኛ ያጋንናል፤ 35 ብዬ ጻፍኩ።

ሰዓቱን ረሳነው። ዘጠኝ ተኩል ላይ ዝናብ ጀመረ፤ ከፍ ካለው ተራራ ላይ ደግሞ ቀደም ብሎ ሲጥል ነበር። ወንዙ ጋ ስንመለስ ያ ሕፃን የሚሻገረው ውሃ ቡናማ ሆኖ ይጮሃል። ጋሼ ሞተሩን አጠፋ። «ዛሬ እዚህ ነን።»

ቴክኒሺያኗ አንድ ቤት ወሰደችን። ዝሆን የሚመስለው ባህላዊው የቀርከሃ ቤት ነው። እሳት እየነደደ፣ ከብቶቹ በአንድ ጎን። የቤቱ እናት አንድ ቃል አማርኛ አትችልም፣ እኔም ጋሞኛ። ግን ሰው መራቡን ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። ቆጮ ከጎመን ጋር፣ የተቀቀለ ድንች፣ ከዚያ ቦርዴ። ቦርዴውን መጀመሪያ ፈራሁት፤ ከሁለተኛው ኩባያ በኋላ ተለማመድን። አባወራው ጥጉ ላይ የቆሙትን ሁለት ረጃጅም ቀርከሃዎች አሳዩን። ቃሬዛ ነው። በሐምሌ ምራታቸው ምጥ ሲይዛት በዚያ ይዘው ወጥተው ወንዙ ዳር አራት ሰዓት ቆመው ውሃው እስኪጎድል ጠበቁ። ልጁ ደህና ነው፤ እሳቱ ዳር ተኝቷል። ሲነግሩን አላዘኑም፣ አላማረሩም። የአውቶቡስ መዘግየት እንደሚያወራ ሰው ነው ያወሩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8፣ ከወንዙ ማዶ ወደ መንገድ ሐ

ጠዋት ውሃው ጎድሏል። እኛ ግን ጭቃው ውስጥ ገባን። ስድስት ወጣቶች በገመድ ጎትተው አወጡን። 600 ብር ጠየቁ፣ ሰጠን። ከመካከላቸው አንዱ የሆነ ነገር ብሎ ሳቀ፤ ቴክኒሺያኗ ስትተረጉመው «ይሄ ወንዝ ባይኖር ሥራ አጥ ነበርን» ነው ያለው። ይህንንም በቅጹ ላይ የት እንደማስገባው አላወቅኩም።

ለቤቱ እናት ገንዘብ ስንሰጥ እምቢ አለች። ፖሞቼን ግን ለልጆቹ ተቀበለችኝ።

መንገድ ሐ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። ከተሠራ ሁለት ዓመቱ። ወረዳው ቅጽ ላይ «ጥሩ፣ አይመለከተውም» ብሎት ነበር፤ እኔም ደክሞኝ ስለነበር ልዘለው ነበር። ጋሼ ነው ያስገደደኝ።

ጣውላው 10፣ 9፣ 7 አለ። ጠጠሩ 13 ሳንቲ ገደማ አለው። ስልኩ አረንጓዴ ብቻ ነው። ታዲያ ምን ልናይ መጣን?

«ጎኑን እይ» አለኝ።

በሁለቱም በኩል ቤት አለ። እያንዳንዱ ቤት ደጁ ላይ ቦዩን በድንጋይና በአፈር ሞልቶ መግቢያ ሠርቷል። ሰው ምን ያድርግ፣ ከብቱ በምን ይግባ? አንዳንዱ ከሥር ትንሽ ቀዳዳ ትቷል፤ አብዛኛው አልተወም። ከእንዲህ ዓይነቱ መግቢያ 63 ቆጠርኩ። ውሃው ቦዩን ይዞ ይመጣና ድፍኑ ጋ ሲደርስ ወደ መንገዱ ይወጣል። በሁለት ቦታ መንገዱን አቋርጦ ጣት የምታህል ስንጥቅ መሥራት ጀምሯል።

«ዘንድሮ ጣት ናት። ከርሞ ክንድ ትሆናለች። የዛሬ ሦስት ዓመት ስትመጣ ከትላንት ወዲያ ያየኸው ሀ ይሆንልሃል» አለኝ ጋሼ።

ሦስት ትንንሽ ቱቦዎች አሉ። አንደኛው በደለል ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶታል። ጋሼ አካፋውን አወጣ። እዚያ ያሉ ሁለት ልጆችም መጡ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ያን የመሰለ ቱቦ ተደፍኖ መንገዱ ቢናድ ገልባጭ፣ ሲሚንቶ፣ ጨረታ ነው። ኬንያዎች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በገጠር መንገዶቻቸው አንድ የመንገዱ ዳር ነዋሪ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ተረክቦ፣ አካፋና መጥረጊያ ይዞ፣ በወር እየተከፈለው ቦዩን እንዲጠርግ ያደርጉ ነበር። የኛ አገር ቀበሌን ክረምት ከበጋ ከሚያገለግል መንገድ ጋር የማገናኘት ፕሮግራም በ2003 ሲጀመር ብዙ መንገድ ተሠራ፤ እኔ በዚያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ፣ አገሩ ሁሉ ይቆፈር ነበር። ጠረጋ ግን እንደ ግንባታ አይመረቅም፣ ሪባን የለውም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9፣ ስብሰባ እና ቁልቁለት

ሌሊት ጨንቻ ላይ ላፕቶፑን ከፍቼ ቁጥሮቹን አስገባሁ። ቅጹ የሰጠኝ ቅደም ተከተል፦ አንደኛ ሀ፣ ሁለተኛ ለ፣ ሐ ጥገና አያስፈልገውም።

አጥፍቼ በወረቀት ጀመርኩ። ጥያቄውን ቀየርኩት። «መንገዱ ምን ያህል ያንገጫግጫል?» ሳይሆን ስንት ሰው፣ ስንት ቀን ይቆረጣል፣ ያን ለማስቀረትስ ስንት ብር ይወጣል? ሕዝቡን በተዘጋው ቀን ማባዛት፣ ለወጪው ማካፈል። የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ሀ ላይ ብዙ ሕዝብ አለ፤ የተዘጋበት ቀን ግን ዜሮ። ሙሉውን ጠጠር እናልብሰው ብንል ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በአምስት ሜትር ስፋት፣ በ15 ሳንቲ ውፍረት 6,750 ሜትር ኩብ ነው። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ ከ420 ምልልስ በላይ። ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ ከዚያም ይበልጣል። ያንን ሁሉ ቅርጹን ሳናስተካክል ብንደፋው ደግሞ ጋሼ እንዳለው ወደ አባያ መላክ ነው።

ለ ላይ ሦስት ቀበሌ፣ 35 ቀን፣ አንድ ቦታ።

ጠዋት ቢሮው ውስጥ ስምንት ሰው ተሰበሰበ። ኃላፊው ጨዋ ሰው ናቸው፤ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ «ኢንጂነር፣ ሕዝቡ የሚጮኸው ሀ ላይ ነው። ለ ላይ የጮኸ ሰው አልመጣብኝም» አሉ።

ቴክኒሺያኗ ከጥግ «ክረምት ላይ እንዴት ተሻግረው ይምጡ?» አለች።

ሳቅ ሆነ። ኃላፊውም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ቀለለ።

ክርክሩ ግን ሁለት ሰዓት ፈጅቷል። መጨረሻ የተስማማንበት ይሄ ነው። መጀመሪያ የመንገድ ለ መሻገሪያ። ትልቅ ቱቦ ሳይሆን ውሃ በላዩ የሚያልፍ የድንጋይና የኮንክሪት መሻገሪያ፣ ከታች በኩል ውሃው እንዳይቆፍር በትልልቅ ድንጋይ የተነጠፈ። ሲሞላ ጥቂት ሰዓት ይዘጋል፣ ሲጎድል ይከፈታል፤ የእንሰት ግንድ አይደፍነውም። ሁለተኛ ሐ፤ በአካፋ ብቻ። ቦዩን መጥረግ፣ ለየቤቱ መግቢያ ከሥር ውሃ የሚያሳልፍ የድንጋይ ንጣፍ። ሦስተኛ ሀ፤ ግን ሙሉውን አይደለም። የዳሩን ክምር ቆርጦ ወደ መሃል መመለስና መሃሉን ከዳሩ ከፍ ማድረግ፣ ሁለቱን ቁልቁለቶች ደግሞ ድንጋይ ማንጠፍ። እንደዚያ ባለ ቁልቁለት በዚህ ዝናብ ጠጠር ማልበስ በየዓመቱ መግዛት ነው። የአባታችን ቦይ አሥራ አምስት ሜትር ወደ ፊት ይሂድ፤ ይህን በቃለ ጉባኤ አስጻፍኩ።

ሁሉም አልተደሰተም። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ የሀ ሰው ነው፤ ሲወጣ አልጨበጠኝም። አልፈርድበትም፤ በየቀኑ የሚንገጫገጨው እሱ ነው።

ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ ጉሙ ከታች ቀርቶ ነበር፤ ውስጡ ገብተን ወጣን። ዶርዜ ላይ ቴክኒሺያኗን ተሰናበትን። ጋሼ ከመኪናው ወርዶ ውሃ ልኩንና ጣውላውን ሰጣት። «የስልኩን ለእሱ ተዪለት» አላት። እሷም ልትመልስለት ሞከረች፣ እምቢ አላት።

ሳምንት ቆይቼ፣ ነገሩ ቅር ስላለኝ፣ መርካቶ ሄጄ ለጋሼ አዲስ ውሃ ልክ ገዛሁለት። 650 ብር፣ ቢጫ፣ ከነ ማስቀመጫው። ቢሮ በር ላይ ሰጠሁት። አመሰገነኝ። መኪናው ኮፈን ላይ አስቀምጦ አየው፣ አዞረው፣ ደግሞ አየው።

«ትንሽ ያዘነብላል» አለኝ።